የሰደድ እሳት ዝግጅት በጣና ዳር፦ አንድ የጋራ ዕዝ ወይስ ሥልጣን ያለው ቀበሌ?

አወያይ፦ የዛሬው የክርክር ጥያቄ ይህ ነው። ጣናን የከበቡት ወረዳዎች፣ ማለትም ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ደራ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ደንብያና ሌሎቹም፣ በተለያዩ ዞኖች ሥር ናቸው፤ የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሣሩ፣ ገለባውና የሐይቁ ዳር ደንገል ሲደርቅ የሚነሣ እሳት ግን የወረዳ ወሰን ጠይቆ አይቆምም። ዝግጅቱን በአንድ የጋራ ዕዝ ሥር አድርጎ በበጋው ማናቸውንም ማቃጠል መከልከል ይሻላል፣ ወይስ የመፍቀዱንና የመከላከሉን ሥልጣን ከነበጀቱ ለቀበሌ መስጠት?

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ፦ እኔ የጋራውን ዕዝ እደግፋለሁ። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ሲያዳርስ ተማሪውም ወታደሩም ዘምቶ ነበር፤ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ጭምር ባለሙያዎች መጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳ ሣሩና አስታ ቁጥቋጦው ሲነድ ደግሞ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታግሏል። በእኔ ግምት በሁለቱም ጊዜ የጎደለው የሰው ፈቃደኝነት አልነበረም። የጎደለው ማን የትኛውን ሸንተረር እንደሚይዝ፣ ማን ውኃና ስንቅ እንደሚያቀርብ፣ ነፋሱ ሲዞር ‹አሁን ውጡ› ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የማን እንደሆነ ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት መወሰኑ ነው። ይህን ጎረቤት ወረዳዎች አስቀድመው ካልተፈራረሙበት በእሳቱ ቀን አይስማሙበትም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት የደን ሕግ አንድ ማኅበረሰብ ለሚያዘጋጀው የሰደድ እሳት መከላከያ ዕቅድ የሦስት ወገኖችን ስምምነት ይጠይቃሉ፤ የአካባቢውን አስተዳደር፣ የአካባቢውን የእሳት አደጋ አገልግሎትና ደንን የሚመራውን የግዛቱን መሥሪያ ቤት። እኛ ዘንድ የግብርናው ዕቅድ በአንድ መሳቢያ፣ የአደጋ መከላከሉ በሌላው፣ የጸጥታው በሦስተኛው ነው የሚቀመጠው።

የዘጌ ቡና አልሚ፦ ጋሼ፣ ያነሡት ልክ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበትን ግን አልቀበልም። ጣና ውስጥ የገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደን እስከ ዛሬ የቆየው በዕዝ አይደለም። በዘጌ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በወረደው ትውፊት በዘጌ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም፤ ሕዝቡም ኑሮው ከቡናው፣ ከጌሾውና ከሎሚው ስለሆነ ደኑን እንደ ጓሮው ያየዋል። በበጋ ወራት ከቡናው ሥር የሚከማቸው ደረቅ ቅጠል ግን አሳሳቢ ነው። መኪና ወደ መንደሩ ቢደርስም በቡናው መሀል ያለው የእግር መንገድ ነውና የእሳት አደጋ መኪና ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። የጋራው ዕዝ ጽሕፈት ቤት ባሕር ዳር ተቀምጦ ደብዳቤ እስኪጽፍ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ መሰብሰቢያ አዳራሽ ላይ ከሚውል ለየጎጡ አካፋ፣ ገጀራ፣ በጀርባ የሚታዘል የውኃ መርጫና የውኃ በርሜል ይገዛበት።

የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ ከሙያው አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ የእሳት አደጋ መኪና የተሠራው ለመንገድና ለሕንፃ ነው፤ የሣርና የደን እሳትን የሚያቆመው በአብዛኛው የሚነደውን ነገር ከፊቱ ማንሣት ነው። በጣና ዳር ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ማለዳ ላይ ትንሽ የነበረውን እሳት ሊያስመልጠው ይችላል። በቅጠል ለመምታት ከፊት ለፊቱ የሚገባ ሰው፣ በተለይም ዳገት ላይ ሆኖ እሳቱ ከታች ወደ እሱ የሚወጣ ከሆነ፣ ራሱን ለሞት ይሰጣል። ከጎን ተነሥቶ፣ የተቃጠለውን ቦታ መሸሻ አድርጎ መሥራት ይገባል። ይህን የሚያውቅ በየጎጡ አምስትና ስድስት ሰው ካልሠለጠነ አካፋው ብቻውን ሰው ያስገድላል። ሥልጠናውን ደግሞ ቀበሌ ብቻውን ሊሰጥ አይችልም፤ እዚህ ላይ ጋሼ ትክክል ናቸው።

የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከፎገራ፦ ስለ ክልከላው ማንም አልተናገረም፤ እኔ የምቃወመው እሱን ነው። ገበሬው የሚያቃጥለው በክፋት አይደለም። ለከብቱ ትኩስ ሣር እንዲበቅልለት፣ ማሳው ከአረምና ከቃርሚያ እንዲጸዳለት፣ በሐይቁ ዳር ደግሞ ደንገሉን አስለቅቆ የሚዘራበት እርጥብ መሬት እንዲያገኝ ነው። ማር ቆራጩም ያለ ጭስ ቀፎ አይከፍትም፤ ከሰል አክሳዩም ጉድጓዱን አፈር አልብሶ ሌሊቱን ጥሎት ይሄዳል። እነዚህን ሁሉ ‹ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ› ብንላቸው ማቃጠሉ አይቀርም፤ ወደ ሌሊትና ወደ ድብቅ ይዞራል፣ የሌሊት እሳት ደግሞ ጠባቂ የለውም። በሰሜን አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በበጋው መግቢያ፣ ሣሩ ገና ግማሽ እርጥብ ሳለ፣ በትንሽ በትንሹ ያቃጥላሉ፤ በበጋው መጨረሻ የሚነሣው ትልቅ እሳት የሚበላው ነገር ያጣል። እኛም ቢቃጠል ግድ የሆነውን ሣር በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በማለዳ፣ ጎረቤት ተነግሮትና ሰው ቆሞ እንዲቃጠል ቀበሌው ቀን ቆርጦ ቢፈቅድ ከመከልከል ይሻላል። ደንገሉን ግን ከዚህ አልቆጥረውም፤ እሱ የዓሣ መራቢያና የታንኳ መሥሪያ ስለሆነ በማንኛውም ወር መቃጠል የለበትም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ ባነሡት ላይ ሕጉን ላስታውስ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በሥራ ላይ ነው፤ በደን ላይ እሳት መለኮስም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቀበሌ የሣርን ማቃጠል ሊያስተዳድር ይችል ይሆናል እንጂ ደን ማቃጠልን ሊፈቅድ አይችልም፤ ይህ ድንበር በግልጽ ይሰመር። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የቅጣቱ ክብደት በዝግጅቱ ላይ የሚያመጣው ውጤት ነው። የማር ጭሱ ያመለጠው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መጮኽን ሳይሆን መሸሽን ነው፤ እሳትን ለመቆጣጠር ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከኋላው ቀን ሁሉ ይበልጣል። የወንጀል ሕጋችን ከድርጊቱ በኋላ የታየ ቅን ጸጸትንና ጉዳቱን ለመቀነስ የተደረገ ጥረትን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ይቀበላል። ይህ ከፍርድ ቤት ወጥቶ በቀበሌ ስብሰባ ቢነገር፣ ‹እሳት አመለጠኝ፣ ድረሱልኝ› ያለ ሰው ሆን ብሎ ከለኮሰው ጋር እኩል እንደማይታይ ሕዝቡ ቢያውቅ፣ ከብዙ የክልከላ ደብዳቤ የበለጠ ደን ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የእምቦጭ ዘመቻ ተሳታፊ፣ ከደንብያ፦ ‹የጋራ ዕዝ› ሲባል ፊቴ ላይ የሚመጣው እምቦጭ ነው። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ስንት ኮሚቴ ተቋቋመ? ገበሬው ሥራውን ትቶ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽኑ ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ ‹ማን ያንቀሳቅሰው፣ ነዳጁን ማን ይሙላ› የሚለው ግን ሳይወሰን ይቆይ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ኮሚቴው አለቀ፤ አረሙ ግን አላለቀም። (ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው እምቦጭ ሲደርቅ ራሱ ማገዶ እንደሚሆን በዝግጅቱ የሚያስብ መኖሩንም እጠራጠራለሁ።) ለሰደድ እሳት ሌላ ዘመቻ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ፦ ልጄ፣ የተናገርኸው የዘመቻ እንጂ የዕዝ ጉድለት አይደለም። እኔ አዲስ ኮሚቴ አልጠየቅሁም። የጣና ሐይቅ ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዋና፣ ከለላና የሽግግር ቀጠና ተብሎ ተከፍሏል፤ ይህ ክፍፍል ወረዳዎቹን ሁሉ ያቋርጣል። በየትኛው ቀጠና ምን ዓይነት እሳት ይፈቀዳል፣ የትኛው ወረዳ ለየትኛው ጎረቤቱ ይደርሳል የሚለውን በዚያው ካርታ ላይ መጻፍ ይቻላል። ቀበሌው ያዝዝ፤ እሳቱ ከቀበሌው ሲያልፍ ግን ትዕዛዙ ወደ ማን እንደሚዞር በስምና በስልክ ይታወቅ ነው የምለው።

የዘጌ ቡና አልሚ፦ እንዲህ ከሆነማ ልዩነታችን ጠብቧል። ሆኖም ‹በስልክ› ያሉትን አላልፈውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ኔትወርክ የጠፋበትን፣ መንገድ የተዘጋበትን፣ በምሽት መንቀሳቀስ የተከለከለበትን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። በስልክ የተሠራ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ስልኩ በሌለበት ቀን ምን ይሆናል?

የአብነት መምህር፣ ከደራ፦ ደወል አለ። በደብራችን ደወሉ ለቅዳሴና ለማኅሌት ይደወላል፤ ከሥርዓት ውጭ ሲደወል ሕዝቡ ለክፉ ነገር እንደሆነ ያውቃል። ከቤተ ክርስቲያን ርቀው ለሚኖሩት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ አለ። ነገር ግን ጡሩምባ ለሞት ይነፋልና ሰው ለቀብር ነጠላውን አዘቅዝቆ እንጂ ገጀራ ይዞ አይወጣም፤ ስለዚህ የእሳቱ አነፋፍ የተለየ እንዲሆን አስቀድሞ መነገር አለበት። ስለ ደኑም ልናገር። በአካባቢያችን በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተክቧል፤ ከብት እንዳይገባ፣ ችግኙም እንዳይበላ ጠቅሟል። ከብቱ ሲቀር ግን ሣሩ ረዘመ፤ የረዘመው ሣር በየካቲት ይደርቃል። አንዳንዱ ቤተ መቅደስ የሣር ክዳን አለው፣ ውስጡም ሥዕልና ብራና ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ሣር በታኅሣሥ አጭዶ ለነዳያን ላም መስጠት እንኳ የማንም የሥራ ድርሻ ሆኖ አያውቅም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦ የኔታ ያሉት መልካም ነው፤ ግን በሌሊት ጡሩምባ ተነፍቶ መቶ ሰው ገጀራና መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ የጸጥታ ኃይል እንዴት ያየዋል? ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ሚሊሻውና ፖሊሱ የእሳቱን ምልክት አስቀድመው ካላወቁት እሳት ሊያጠፋ የወጣ ሰው በጥይት ሊሞት ይችላል። በወረዳዎቹ መካከል ከሚፈረመው ሁሉ አስቀድሞ መፈረም ያለበት ይህ ነው እላለሁ፤ ቀበሌ ብቻውን የማይችለውም ይህ ነው።

የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ ትልቁን ሐሳብ ጠቅሰሻል። እኔም መሸሻውን ልጨምር። በፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2017 ሰኔ በተነሣው እሳት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በመኪና ሲሸሹ መንገድ ላይ ነበር። በማግሥቱ ዓመት መንግሥታቸው በየመንደሩ አንድ ኃላፊ መምረጥና መሰብሰቢያ ቦታ መወሰን ጀመረ። ለእኛ መሰብሰቢያው ገላጣው የገበያ ቦታ፣ ወይም የታረሰ ማሳ፣ ወይም ራሱ ሐይቁ ሊሆን ይችላል። ለዘጌና ለደሴቶቹ ገዳማት ጀልባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ በበጋ ጀልባው የሚቆመው የት እንደሆነ መመዝገብ ወጪ የለውም። አቅመ ደካማ አረጋዊና መነኩሴ የትኛው ቤት እንዳለም የሚያውቀው ቀበሌው ነው።

የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከፎገራ፦ ማንም ያላነሣው መሬት ነው። እሳት ማቋረጫ መስመር ይውጣ ስንል በማን ማሳ ላይ? በሩብ ሄክታር የሚተዳደር ቤተሰብ አለ፤ ከሱ ላይ ዐሥር ሜትር ስፋት ለመንግሥት ዕቅድ ልቀቅ ብትሉት ምን ይመልስላችኋል? ባሕር ዛፍ የተከለውም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ልጡ ይረግፋል፣ በእሳት ጊዜ ክፉ ነው፤ ግን የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ፦ መስመሩ የግድ ባዶ መሬት ሆኖ አይኖርም። በፎገራ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ታጭዶ እንዳለቀ፣ ዋልካው ሳይደርቅና ሳይሰነጠቅ፣ በደኑና በደንገሉ ወሰን ያለው ማሳ ብቻ ቀድሞ ቢገመስ የተገለበጠው አፈር ራሱ ማቋረጫ ነው። ገበሬው መሬቱን አያጣም፤ የሚያጣው ያንን ቃርሚያ ለከብቱ ነው። ባሕር ዛፉንም ይነቀል አልልም፤ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ደን በሚዋሰነው ጠርዝ ልጡና ቅጠሉ በየወሩ ይጠረግ።

የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከፎገራ፦ ግመሳውን እቀበላለሁ፤ ዋልካ ከደረቀ በኋላ በሬ አይገፋውም፣ ጊዜው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት አያልፍም። ለቀረበት ቃርሚያ ግን ካሣ ይገባዋል፤ ገንዘብ ባይሆን እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ የሚታጨደው ሣር ለወሰንተኛው ማሳ ባለቤት ይሰጥ።

የአብነት መምህር፣ ከደራ፦ ለነዳያን ላም ያልሁት ለዚህ አይከለክልም፤ ሣሩ ለሁለቱም ይበቃል። ግን የሚወስነው ሰበካ ጉባኤው ነው፤ ቀበሌው በደብዳቤ ይጠይቀው።

አወያይ፦ ደብዳቤውን ቀበሌው ይጽፈዋል ወይስ ወረዳው?

የዘጌ ቡና አልሚ፦ ቀበሌው።

ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ፦ ቀበሌው ይጻፈው፤ ግልባጩ ግን ለወረዳው፣ ለጎረቤት ቀበሌውና ለፖሊስ ይድረስ።