ስልኬ የሚያየውን ዋይፋይ ኮምፒውተሬ አያየውም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ከሜሪላንድ ወደ ፍራንክፈርት ጠቅልለን መጣን። ዴስክቶፔንም ዩኤስቢ ላይ ከምትሰካው የዋይፋይ አዳፕተር ጋር ይዤው መጣሁ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? የጎረቤቱን ዋይፋይ ሁሉ ይደረድርልኛል፣ የራሳችንን ግን ጭራሽ አያሳየኝም። ስልኬ ያለ ችግር ይሠራል። ባለቤቴ "ተበላሽቷል፣ ጣይው" ይላል። አዲስ ልግዛ ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ኧረ አትጣይው! የተበላሸ አዳፕተር የጎረቤት ስም አይደረድርም። እኔ የጠረጠርኩት ቻናሉን ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ ቁጥር በተሰጣቸው ቻናሎች ነው የሚሄደው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አዳፕተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ብቻ ነው የሚያዩት። አውሮፓ ግን እስከ 13 ይፈቀዳል። ራውተራችሁ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ያልተጨናነቀውን ሲፈልግ 12 ወይም 13 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ ለአዳፕተርሽ የቤታችሁ ዋይፋይ የለም ማለት ነው። ስልክሽ ወይ ያለበትን አገር ለይቷል፣ ወይ በ5 ጊጋኸርዝ ነው የተገናኘው።

ስለዚህ በስልክሽ የራውተሩን ገጽ ክፈቺ። እዚህ ብዙ ቤት ያለው ፍሪትዝቦክስ ነው። እሱ ከሆነ ብራውዘሩ ላይ ፍሪትዝ ነጥብ ቦክስ (fritz.box) ብለሽ ጻፊ። የመግቢያው የይለፍ ቃል ከሳጥኑ ሥር ተለጥፏል። ከዋይፋዩ የተለየ ነው፣ እንዳይምታታብሽ። ከዚያ ቬላን (WLAN፣ ጀርመኖች ዋይፋይን የሚሉት ነው) ውስጥ ፉንክካናል (Funkkanal)፣ ማለትም ቻናል፣ የሚለውን ፈልጊ። ከአውቶማቲክ አውጥተሽ 1፣ 6 ወይም 11 አድርጊው።

ስሙ ከታየ በኋላ አልገናኝ ካለ ደግሞ ሴኩሪቲውን እዪ። ደብሊውፒኤ3 (WPA3) የሚባለው አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያ ብቻ ከሆነ የቆየ አዳፕተር አይገባውም። ደብሊውፒኤ2 እና 3 አንድ ላይ የሚለውን ምረጪ።

ጠያቂዋ፦ እውነትም 13 ላይ ነበር! 6 አደረግኩት፣ ወዲያው መጣ። ተባረክ ወንድሜ።

ከስቶክሆልም፦ ልጆች፣ እኔም በዚሁ ልጠይቅ። የኔ ላፕቶፕ ይገናኛል፣ ግን "ኢንተርኔት የለም" ብሎ ድርቅ ይላል። ልጄ በዚያው ዋይፋይ ፊልም ያያል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ በሽታ ነው። ራውተሩ ጋ ደርሷል፣ ከዚያ በኋላ ነው የተያዘው። ኮማንድ ፕሮምፕት የምትባለውን ጥቁር መስኮት ይክፈቱና አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብለው ይጻፉ። አይፒቪ4 የሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም፤ ላፕቶፑ ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ፣ ዋይፋዩን ፎርጌት አድርገው እንደገና ይግቡ። እምቢ ካለ ዲቫይስ ማናጀር ገብተው አዳፕተሩን አንኢንስቶል ያድርጉና ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። አደራ፣ ድራይቨሩንም (አዳፕተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አጥፋ የምትለዋን ሳጥን እንዳይነኩ! ኢንተርኔት በሌለበት ድራይቨር ከየት ይመጣል? ድንገት ቢጠፋም አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ሰክተው ቴተሪንግ ቢያበሩ ላፕቶፑ በስልኩ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል።

ቁጥሩ በ192.168 ከጀመረ ግን አድራሻ አለው። እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ ፒንግ (ping) ብለው 8.8.8.8 ይጻፉ። መልስ እየመጣ ድረ ገጽ የማይከፈት ከሆነ ችግሩ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው፣ ነው። ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት ወይም 1.1.1.1 ይሙሉበት። ላፕቶፑ ከአገር ቤት ወይም ከዓረብ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ድሮ የተጫነ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) እንዳለ ይዩና ያጥፉት። እሱ ተዘግቶም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ምን ቁጥር እንዳገኙ ይጻፉልን።