የመጋዘን ሶፍትዌር ለምትፈልጉ፦ ኤክሴል፣ ፒችትሪ፣ ኦዱ ወይስ ኢአርፒኔክስት?

ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ የሆነ የምግብና የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ስቶሩን በምን ሲስተም ቢይዝ ይሻላል? ጥያቄው ሰሞኑን ስለተደጋገመ የማምንበትን ልጻፍ።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር። ከአንድ በላይ መጋዘን ካላችሁ፣ ዕቃችሁም ጊዜው የሚያልፍበት ከሆነ ኢአርፒኔክስትን ቀድማችሁ ሞክሩ። ኦዱ ይከተላል። ሁለቱም መጋዘንንና ሂሳብን አንድ ላይ የሚይዙ ሶፍትዌሮች ናቸው። አንድ ስቶር፣ አንድ ስቶር ኪፐርና ጥቂት መቶ ዓይነት ዕቃ ብቻ ላለው ግን ኤክሴልና በደንብ የተያዘ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ) ይበቃል። ገንዘባችሁን አታውጡ።

የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ ፒችትሪ የሚችል የሂሳብ ሠራተኛ ማግኘት ቀላል ነው፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ስለዚህ ለሂሳቡ አትጣሉት። ለመጋዘን ግን አይሆንም። በእጃችሁ በጠቅላላ ስንት ካርቶን እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ቃሊቲ ስንት፣ መርካቶ ስንት ብሎ አይለይም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ለአንድ ሳሙና ሁለት ኮድ የሚከፍተው። ዕቃ በተዘዋወረ ቁጥር ከአንዱ ቀንሶ ሌላው ላይ መጨመር ይመጣል። አንድ ቀን ይረሳል። ጣጣው የሚታየው የሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ነው፤ ያኔ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

በኢንተርኔት የሚሠራው ዞሆ ኢንቬንተሪ ለመጀመር ቀላል ነው፣ በስልክም ይሠራል። ችግሩ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው መቆሙና ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር ለሚነግድ ሰው በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ኦዱ የቤልጅየም ነው። ኮሚዩኒቲ የሚባለው ነፃው ዓይነት መጋዘንን በመደርደሪያ ይከፋፍላል፣ ባች (አብሮ የተመረተ ዕቃ) ለይቶ ይይዛል፣ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ እንዲወጣ ያደርጋል። የባርኮድ መተግበሪያውና ሙሉው የሂሳብ ክፍል ግን ያሉት በሚከፈልበት ኢንተርፕራይዝ ላይ ነው። ሻጮች ዋጋ ሲሰጧችሁ «የትኛውን ነው የምትተክሉልን?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ኢአርፒኔክስት የህንድ ነው፣ ነፃና የሚከፈልበት የሚል ክፍፍል የለውም። መጋዘን፣ ባች፣ ሂሳብ፣ ሁሉም ክፍት ነው። ዕቃ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የግዢ ጥያቄ እንዲያዘጋጅ ማድረግም ይቻላል። ሰርቨሩን ቢሮአችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ በውስጥ ኔትወርክ ብትጠቀሙ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም እዚያው ያለው ሰው ሥራውን ይቀጥላል። ራቅ ያለ መጋዘን ካላችሁ ግን እሱን የሚያገናኝ መስመር የግድ ነው። ላይሰንስ አትከፍሉም፤ ለሚተክለው፣ ለሚያሠለጥነውና በየቀኑ ባክአፕ ለሚይዘው ሰው ግን ትከፍላላችሁ። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው አስቡት።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ሻጩ በራሱ ናሙና የሚያሳያችሁን ዴሞ አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። የራሳችሁን ገቢና ወጪ ሰነዶች ይዛችሁ ሂዱ። ስቶር ኪፐራችሁን አስቀምጡትና እሱ ራሱ ይመዝግብ። ቀን ከሌት ከሲስተሙ ጋር የሚውለው እሱ ነው።

በተለይ የዕቃ ስም በአማርኛ የምትይዙ ከሆነ ፍለጋውን ፈትኑ። አንዱ «የፀጉር ቅባት»፣ ሌላው «የጸጉር ቅባት» ብሎ ቢጽፍ ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ዕቃ ያደርገዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዕቃ ኮድ ሰጥቶ በኮድ ወይም በባርኮድ መሥራት ነው። ቀኑንም እዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው፣ የመረከቢያ ሰነዳችሁ ግን በእኛ ሊሆን ይችላል። የእኛው 2018 እንዳለ ከገባ፣ ትናንት የተረከባችሁት ዕቃ ከሰባት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ እንደገባ ይቆጠራል፤ ዕቃ የምታወጡት በገባበት ቀን ተራ ከሆነ ተራው በሙሉ ይዛባል። ከዚያ ደግሞ በካርቶን ተረክባችሁ በደርዘንና በፍሬ ሽጡና ቀሪው ትክክል መሆኑን በእጅ አስሉት። በመሀል መብራቱን አጥፉት። ግማሽ የተመዘገበው ሰነድ ምን ሆነ? ኮምፒውተሩ ሲነሳ አለ ወይስ ጠፍቷል?

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ነገርም አትርሱ። ሲስተሙ ከማሽኑ ጋር ካልተገናኘ አንዱን ሽያጭ ሁለት ቦታ መመዝገብ ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን ደግሞ ሁለተኛው ይቀራል።

ውሉ ላይ ሻጩን ብትለቁት መረጃችሁን በኤክሴል አውጥቶ እንደሚያስረክባችሁ ይጻፍ። ለመጀመር የሚመቸው ሐምሌ 1 ነው፤ የሰኔ 30 ቆጠራ ውጤት እንደ መነሻ ይገባል። ቢን ካርዱን ግን ቢያንስ ለሁለት ወር ጎን ለጎን አቆዩትና በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃ እየመረጣችሁ አመሳክሩ።