ልጄን ፈረስ ላይ ላስቀምጣት? የሞከራችሁ ንገሩኝ

የቨርጂኒያዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት፤ ሁለቱም እግሮቿ ይወጠራሉ። በዎከር (በእጇ ይዛ በምትደገፈው መራመጃ) ትሄዳለች፣ ግን ቶሎ ይደክማታል። እኔን የሚያንገበግበኝ አቀማመጧ ነው። ወለል ላይ በእጇ ካልተደገፈች ወደ ጎን ትወድቃለች፤ አሻንጉሊት ልታነሳ ስትል ዘፍ!

አሁን ፊዚዮቴራፒስቷ ሂፖቴራፒ እንሞክር አለችኝ። በፈረስ ማለት ነው። ባሌ ሳቀ። እናቴ ደግሞ በስልክ «መሬት ላይ መቆም ያቃታትን ልጅ ፈረስ ላይ? አብደሻል እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነት ሕክምና ነው ወይስ ማዝናኛ? ኢንሹራንስስ ይከፍላል?

ፊዚዮ ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ የእናትሽ ስጋት ይገባኛል። ግን ልጅቷን ብቻዋን አይተዋትም። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ይራመዳሉ፣ ቴራፒስቱ ሥራውን ይመራል። ሄልሜትም ግዴታ ነው። ግልቢያ የለም፤ ፈረሱ የሚሄደው በእርምጃ ነው።

ቁም ነገሩም እርምጃው ላይ ነው። ፈረስ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች፣ ወደ ጎንም ይንቀሳቀሳል። የተቀመጠው ልጅ ዳሌ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዳሌ እንደሚንቀሳቀሰው ይንቀሳቀሳል። ፈረሱ ሲቆም ወይም ሲታጠፍ ደግሞ ልጁ ሳያስበው ወገቡን ያቀናል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትንሽ ጥናት ነበር፤ ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው 15 ልጆች ገሚሱን ለ8 ደቂቃ ፈረስ ላይ፣ ገሚሱን በማይንቀሳቀስ በርሜል ላይ አስቀመጡ። የግራና የቀኝ ጡንቻቸው ሥራ የተሻለ ተመጣጥኖ የተገኘው ፈረስ ላይ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ማዝናኛ ብቻ አይደለም።

ግን «ዎከሯን ትጥላለች» የሚልሽ ካለ ሽሺ። መደበኛውን ፊዚዮቴራፒም አይተካም። ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ዳሌዋን ራጅ አስነሻት። እንደሷ ያሉ ልጆች የዳሌ መገጣጠሚያቸው ቀስ በቀስ ሊወልቅ ይችላል፤ ከወለቀ ፈረሱ ይቅር። በመድኃኒት ያልተያዘ የሚጥል በሽታ ካለም እንደዚሁ።

የመንትዮቹ እናት፦
አንዱ ልጄ ሂፖቴራፒ ይሄዳል። ኮርቻ የለም፤ ወፈር ያለ ግላስና እጀታ ያለው ቀበቶ ብቻ። አንዳንዴ ፊቱን ወደ ጭራው አዙረው ያስቀምጡታል። ቀለበት ይሰጡትና ፈረሱ እየሄደ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። መጀመሪያ ሰሞን እጀታውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አልለቅም አለ! አሁን ሁለት እጁን ዘርግቶ «እማዬ እዪኝ» ይለኛል።

ስለ ገንዘቡ፣ የኛ ኢንሹራንስ «ሂፖቴራፒ» የሚለውን ሲያይ ወዲያው አልከፍልም አለ። ሌላ ቦታ ፈቃድ ያላት ፊዚዮቴራፒስት ራሷ ስትሠራለትና እንደ ፊዚዮቴራፒ ሲመዘገብ ግን ከፈለ። ሳትፈርሚ በፊት ማን እንደሚሠራላትና እንዴት እንደሚያስከፍሉ ጠይቂ። አሠልጣኝ ፈረስ መጋለብ የሚያስተምርበት ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሕክምና ተብሎ አይቆጠርም።

የአዊ ልጅ፦
ባልሽ ስለሳቀ ነው የጻፍኩት። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ ይምጣና ፈረስ ምን እንደሆነ ይይ! ቀልዱን ትተን፣ ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ሰው እየደገፈ እያወጣትና እያወረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ውድድር ብር አግኝታለች። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው።

የቨርጂኒያዋ እናት፦
እናቴ «እሷ ትልቅ ሰው ናት» አለችኝ 😂 ለማንኛውም የራጅ ቀጠሮ ይዣለሁ። ምን ላልብሳት? ጂንስ ይሆናል?

የመንትዮቹ እናት፦
ጂንስ በፍጹም! ስፌቱ ጭኗን ይልጠዋል። ረጅም ታይት ይበቃታል።