ክራር እመታለሁ፣ ዜማ እሠራለሁ፤ ኖታ ግን አላውቅም። ከየት ልጀምር?

የቡሬዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቡሬ ነው፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ክራር እመታለሁ። ለትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብም ለራሴም ዜማ እሠራለሁ። እስካሁን የሠራኋቸው ሁሉ ስልኬ ውስጥ በድምፅ ነው ያሉት። ሰሞኑን አንዱን ባሕር ዳር ላለ ኪቦርድ ተጫዋች ላክሁለትና "ኖታው ካለ ላኪልኝ፣ ቶሎ እንሠራዋለን" አለኝ። ኖታ የለኝም፤ ማንበብም መጻፍም አልችልም።

አዲስ አበባ ሄጄ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንዳልማር ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ዩቲዩብ ላይ ጀምሬ ነበር፤ ግን ሁሉም በፒያኖ ነው የሚያስተምሩት፣ ምሳሌዎቹም የኛ ዜማ ስላልሆኑ ጆሮዬ የሚይዘው ነገር አጣ። ክራሬን የምቃኘው በድምፄ ልክ ነው፤ ታዲያ ዶ የትኛው ክር ነው? ደግሞ ዜማዎቼ እስክስታ የሚያስመቱ ናቸው፣ በ4/4 (አራት አራት ምት እየተቆጠረ) ልጽፋቸው ስሞክር ቀለሙ ከምቱ ጋር አልገጥም ይለኛል። በራሱ የተማረ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዓባይ ዳር

እህቴ፣ በደንብ ይቻላል። እኔ ኪቦርድ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ሲቸገሩ የማየው ብዙውን ጊዜ ድምፁንና ምቱን ባንድ ላይ ለመያዝ ሲሞክሩ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ተይው። ምቱን ብቻ ያዢ።

ዜማሽን እያንጎራጎርሽ አጨብጭቢ። በአንድ ጭብጨባ ውስጥ ሦስት እኩል ትንንሽ ምቶች የሚገቡ ከሆነ 4/4 አልገጥም ያለሽ በዚህ ነው፤ እዚያ አንዱ ምት የሚከፈለው ለሁለት ነው። የኛ አገር እስክስታ በብዛት የሚጻፈው በ6/8 ነው። በአንድ ባር (በአንድ የምት ክፍል) ውስጥ ስድስት የስምንተኛ ኖታዎች ይገባሉ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይቧደናሉ፣ እጅሽ ግን የሚያጨበጭበው ሁለቴ ነው። ረዘም ያለውን ቀለም በሩብ ኖታ (ሁለት ስምንተኛ ያህል ነው)፣ አጠር ያለውን በስምንተኛ ብትጽፊ ሁለቱ አንድ ጭብጨባ ይሞላሉ። አንድ ቀለም ጭብጨባውን ሙሉ ከያዘው ሩብ ኖታ ጻፊና ከጎኑ ነጥብ አድርጊበት። ይህን ብቻ ይዘሽ ግጥምሽን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ከየቀለሙ በላይ ርዝመቱን አስቀምጪ። ኖታ የሚቀመጥበትን አምስቱን መስመር ገና አትንኪው።

ምቱ ሲገባሽ ወደ ድምፁ ሂጂ። ዶ የግድ የመጀመሪያው ክር አይደለም። ለጊዜው ዜማው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበትን ድምፅ ዶ በይው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ያለሽ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ በቃ። ትዝታ ማይነር ከሆነ ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ወረድ ይላሉ፣ ፍላት ይሆናሉ። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ፈረንጆቹ ሰባት ድምፅ ይዘው ሲጀምሩ አንቺ አምስት ነው ያለሽ፣ እነሱንም ጣትሽ ያውቃቸዋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አትናቂው።

የመጀመሪያ ጽሑፍሽ የራስሽ ዜማ ባይሆን እመርጣለሁ። ልጆቹ ሁሉ የሚያውቁትን አጭር መዝሙር ጻፊ፤ የራስሽን ስትጽፊ እየቀየርሽው ትሄጃለሽ፣ የታወቀው ግን አይቀየርልሽም፣ ልክ መጻፍሽን በሱ ታረጋግጫለሽ።

የዜማ ቤት ልጅ

ጋሼ ዓባይ ዳር ጥሩ ብለዋል፤ እኔ ከሌላ በኩል ልጨምር። ሞጣ አካባቢ ቆሎ ተማሪ ሆኜ ድጓ ተምሬያለሁ። በኛ አገር ዜማ መጻፍ እንግዳ ነገር አይደለም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንዳበጁለት መምህራኖቻችን ይነግሩናል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ... ከቃሉ በላይ በትንንሹ ይቀመጣሉ።

ልዩነቱ ልብ ይባል። አምስቱ መስመር ላይ ያለ ኖታ ዜማውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው የድምፁን ከፍታና ርዝመት ይነግረዋል። የኛ ምልክት ግን ዜማውን በቃሉ ለያዘ ሰው ነው፤ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ፣ የት ተቆርጦ እንደሚቀር ያስታውሰዋል። ለዚህ ነው የኔታ መጀመሪያ በቃል የሚያስጠኑን።

ለአንቺ የሚጠቅመው ምን መሰለሽ? በኖታ ዋናውን ዜማ ትጽፊያለሽ፣ በክራሩም በድምፅሽም የምታደርጊውን እርግብግቢት ግን ኖታ በኖታ ልጻፍ ካልሽ ገጹ ይጨናነቃል፣ አንባቢውም ይደናገራል። እኔ ለራሴ ከኖታው በላይ አንድ የርክርክ ምልክት አደርግና አልፋለሁ። ለሌላ ሰው ስትሰጪው ገጹ ሥር ምልክቱ ምን እንደሆነ ባጭሩ ጻፊለት። ማንበቡን ስትለማመጂም ሳትዘፍኚ አትለፊ። በዓይን ብቻ የተነበበ ኖታ ቶሎ ይጠፋል።

ባለ ክራሩ

እኔ ኖታ የግድ ነው በሚለው አልስማማም፣ ቢያንስ ለክበቡ ልጆች። ክሮቹን ከ1 እስከ 6 ቁጥር ሰጥቼ ከግጥሙ ሥር ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ረዘም የሚለው ሥር ሰረዝ አደርጋለሁ። ልጆቹ ወዲያው ይመቱታል። ቅኝቱ ቢቀየርም ጣታቸው የት እንደሚሄድ ያውቃሉ፣ ከላይ "አምባሰል" ብዬ መጻፍ ብቻ ነው። ኖታ ለመማር ጊዜ የሌለው ልጅ ለምን ሙዚቃ ይቅርበት?

ዓባይ ዳር

ባለ ክራሩ፣ ለልጆቹ ልክ ነህ፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ባደረግሁ። ችግሩ ባሕር ዳር ያለው ኪቦርዲስት ቁጥር 4 የትኛው ድምፅ እንደሆነ አያውቅም። ዋሽንት የሚነፋውም አያውቅም። ክራር ለክራር ስትጽፊ ቁጥር ይበቃል፣ ለሌላ መሣሪያ ስትጽፊ ኖታ ያስፈልጋል። እህታችን ሁለቱንም ትያዝ።

ማርቆስ ሰፈር

ላፕቶፕ ካለሽ ሙዝስኮር የሚባለውን የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ጫኚ። ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራሽ አይቆምም። የጻፍሽውን ያጫውትልሻል፣ በፒዲኤፍ አውጥተሽ መላክም ትችያለሽ። ዶ ላይ ጽፈሽ ስትጨርሺ ሙሉውን በአንድ ትዕዛዝ ወደ ድምፅሽ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርግልሻል፣ ስለዚህ ስለ ክራርሽ ቅኝት ከፍታ አሁን አትጨነቂ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማጫወቻውን ከመንካትሽ በፊት የጻፍሽውን ራስሽ ዘምሪው፣ ከዚያ አወዳድሪ። ሁልጊዜ ኮምፒውተሩን ካዳመጥሽ መጻፍ ትለምጃለሽ እንጂ ማንበብ አትለምጂም። ስልክሽ ላይ የቀዳሽውን ዜማ እየሰማሽ ወደ ኖታ ለመገልበጥ ደግሞ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ከፍታውን ሳይቀይር ፍጥነቱን ይቀንስልሻል። እሱም ነፃ ነው።

የቡሬዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጨብጭቤ አየሁት፣ ሦስት ነው የሚገባው! ለካ ያስቸገረኝ ዜማው አልነበረም። የግጥሙን ርዝመት ጽፌ ክበቡ ውስጥ ላለች ተማሪዬ ሰጠኋት፣ ዜማውን ሳትሰማ ምቱን በጭብጨባ አወጣችው። እጅግ ነው ደስ ያለኝ።

ጋሼ ዓባይ ዳር፣ አሁን ወደ መስመሩ ልገባ ነው። ዶ የት ትቀመጣለች? ደግሞ አንድ ዜማዬ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው፤ ኪቦርድ ላይ ስሞክረው ከክራሬ ጋር ትንሽ ይጋጭብኛል፣ የኔ ቅኝት ነው የተበላሸው?

ዓባይ ዳር

ጎበዝ! መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የሶል ቁልፍ የሚጠመጠመው ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፣ ሶል እሱ ነው። ከዚያ ወደ ታች ቁጠሪ። ሚ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሬ ከሱ ሥር፣ ዶ ደግሞ ከአምስቱ በታች ለብቻዋ በተሰመረች አጭር መስመር ላይ። ላ ከሶል በላይ ባለው ክፍት ቦታ ነው። ትዝታሽ አለቀ።

ቅኝትሽ አልተበላሸም። ኪቦርዱ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) ለ12 እኩል ግማሽ ድምፅ ከፍሎ ነው የተሠራው፣ አንቺ በጆሮሽ ነው የቃኘሽው፤ አንቺሆዬ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። በኖታ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብለሽ ጻፊው፣ ክራርሽን ግን አትንኪው። አንዳንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው በትንሹ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው፤ ለኪቦርዲስቱ ንገሪውና እሱ ወደ ክራርሽ ቅኝት ይምጣ። ዶሽ በእውነተኛው ከፍታ የት እንደሆነች ደግሞ ስልክሽ ላይ ነፃ የመቃኛ አፕ ጭነሽ ያንን ክር ብትመቺ ስሙን ይነግርሻል፣ እሱን ከኖታው ጋር ላኪለት።