ጥቆማ፦ ቀለል ያለ ነጭ ወይን፣ የዋኻው ወይስ የቫይንፊርትል?

እንግዳ ያለባት
ሰላም የቪየና ሰዎች። ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። ግማሾቹ ጾመኞች ስለሆኑ ሽሮ፣ ጎመንና አዚፋ ነው የማቀርበው። ቀለል ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ ነጭ ወይን ፈልጌ ነበር። ግሩነር ፌልትሊነር ከሚባለው የወይን ዘር የተሠራ ግዢ ተባልኩ። ሱቅ ስገባ መደርደሪያው ሙሉ እሱ ነው! የዋኻው ይሻላል የቫይንፊርትል? ከየትስ ልግዛ?

ዝም አልልም
ጾመኞች ናቸው፣ ግን ወይን ይጠጣሉ። እንዲህ ያለውን ጾም እኔም እጾመዋለሁ 😂

የክሬምስ ጎረቤት
ዋኻው፣ ያለ ክርክር። ከሜልክ እስከ ክሬምስ በዳኑብ ግራና ቀኝ ያለው ሸለቆ ነው። ገደሉ ሁሉ በደረቅ ድንጋይ ካብ ተከቧል፤ የኮንሶን እርከን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ጠርሙሱ ላይ ከሦስቱ የወይን ደረጃዎች አንዱን ፈልጊ። ሽታይንፌደር አልኮሉ ከ11.5 በመቶ አይበልጥም። ፌደርሽፒል እስከ 12.5 ነው። ስማራግድ ከዚያ በላይ ነው፣ ከባድ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ። ላንቺ ሽታይንፌደር ይበቃሻል።

ቁንዶ በርበሬ
ለሽሮ ዋኻው? ብር ማባከን ነው። ቫይንፊርትል ግዢ። ከቪየና በስተሰሜን ያለው ሰፊ አገር ነው፤ ከኦስትሪያ የወይን አካባቢዎች ትልቁ እሱ ነው። «ቫይንፊርትል ዲ.ኤ.ሲ.» የሚል (የአካባቢው ሕጋዊ መለያ ነው) ካየሽ ውስጡ ግሩነር ብቻ ነው፣ ሌላ አይገባበትም። ሪዘርቭ የሚለውን ተዪው፣ እሱ ከ13 በመቶ ይጀምራል። ስታሸቺው ቁንዶ በርበሬ ይልሻል። ቀልድ አይደለም፤ ሮተንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር በወይኑም በቁንዶ በርበሬውም ውስጥ ያለ ነው። ከጎመን ጋር ሞክሪውና ትመርቂኛለሽ።

ደረሰኝ የለኝም
የትም ግዢ፣ ቱሪስት ከሚበዛበት መንገድ ግን አትግዢ! እኔ አንድ ሱቅ ገብቼ የዋኻው ነው ተብዬ ገዛሁ። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። ቤት ከፈትኩት፣ ቀለሙ የሻይ፣ ሽታው የበሰበሰ ፖም። ብመልሰው ሻጩ «ጣዕሙ እንዲህ ነው» አለኝ! አማቴ ፊት!

ዝም አልልም
አማትህ ጠጡት?

ደረሰኝ የለኝም
ጨረሱት። ነጥቡ እሱ አይደለም።

የ10ኛው ወረዳ
ደረሰኝ ይዘህ ነበር?

ደረሰኝ የለኝም
ስሜን አንብበው።

የሰፈሬ ሰው
እኔ ከሰፈሬ ሱቅ ውጭ ገዝቼ አላውቅም። ሰውዬው በስሜ ይጠራኛል። ከሱ የተሻለ ወይን ቪየና ውስጥ የለም።

ቁንዶ በርበሬ
የየትኛው አካባቢ ወይን ነው የሚሸጥልህ?

የሰፈሬ ሰው
አረንጓዴ ጠርሙስ ነው። ሰውዬው ግን ጨዋ ነው።

31 ቁጥር ትራም
ለምን በሱቅ ትገዢያለሽ? ሆይሪገር፣ ማለትም ወይን አምራቹ ራሱ የሚሸጥበት መጠጥ ቤት፣ ሂጂ። ትራሙን ተሳፍረሽ ሽታመርስዶርፍ ውረጂ። በር ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ከተሰቀለ ክፍት ነው፣ ባለቤቱ የራሱን ወይን ይቀዳልሻል። ከከበደሽ ግማሽ በግማሽ በሶዳ ውሃ ያቀጥኑልሻል።

የክሬምስ ጎረቤት
እንግዶቹ እሷ ቤት ነው የሚመጡት እኮ።

ናፍቆት
የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ነጩን እዚህ የሚሸጥ ታውቃላችሁ?

እማማ ቤት
ልጄ፣ እነዚህ ሲነታረኩ ቅዳሜ ይደርስብሻል። ዋኻውም ሆነ ቫይንፊርትል፣ ክዳኑን አናቱ ላይ እዪው። ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ምልክት ካለበት በመንግሥት ምርመራ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ ጠማቂዎች ወይን ውስጥ ኬሚካል ጨምረው አገሩ ከተዋረደ ወዲህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ክዳኑ በእጅ የሚጠመዘዝ ቢሆን አትናቂው፣ እዚህ ጥሩ ጥሩውም እንደዚያ ነው። ቀላሉ ወይን ሲቆይ አይሻሻልም፣ የቅርብ ዓመት ምርት ውሰጂ። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አቀዝቅዢው። ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋል።

ደረሰኝ የለኝም
የኔም ምልክቱ ነበረው።

እማማ ቤት
ምልክቱ ከፀሐይ አይከላከልም፣ ልጄ።

እንግዳ ያለባት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ ❤️ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ አዚፋው ላይ ሰናፍጭ ቢበዛ ወይኑን ያበላሸዋል?

ቁንዶ በርበሬ
አዎ፣ ቀንሺው።

የሰፈሬ ሰው
ሰናፍጩንም ሰውዬው ጋ ታገኚዋለሽ።