የሟች እህት ልጆችን ለምታሳድግ ሴት ሞግዚትነት ይሻላል ወይስ ጉዲፈቻ? ወርኃዊ ድጎማስ አለ? (ኮምቦልቻ)

የሸሻበር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። እናት ኮምቦልቻ ውስጥ በግል ፋብሪካ 12 ዓመት ሠርታ አርፋለች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ 11 ዓመቷ፣ ታናሹ 4 ዓመቱ ነው። አባት ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ዐረብ አገር ሄደ ይባላል እንጂ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ልጆቹ አሁን ያሉት የእናታቸው ታናሽ እህት ቤት ነው። ሴት አያታቸው በሕይወት አሉ፣ የሚኖሩት ቃሉ ወረዳ ገጠር ነው።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ልጆቹን ስለምታሳድግ መንግሥት በየወሩ ለአክስት የሚቆርጥላት ገንዘብ አለ? ሞግዚት ብትሆን ይሻላል ወይስ በጉዲፈቻ ብትወስዳቸው? ታናሹ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፤ ጎረቤት «በራስሽና በባልሽ ስም አስመዝግቢው፣ ከጣጣ ያድንሻል» እያለ ይመክራል። ያዋጣል?

ማኅተምና ቴምብር

ከሦስተኛው ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። በፍጹም አታድርገው! ልጁ የአክስቱና የባሏ ልጅ ተብሎ ከተመዘገበ በወረቀት የሟቿ ልጅ አይደለም ማለት ነው። ወራሽነት ሲጠየቅ እህቱ ብቻዋን ትቀርባለች፤ የጡረታ አበልም ለእሱ አይወጣም። በኋላ ይስተካከላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው፤ መዝገቡን ለማሰረዝ ክስ ያስፈልጋል፣ ያስመዘገበው ሰው ደግሞ በሐሰተኛ ቃል ይጠየቃል። እንዲህ ያለው ነገር በየመንደሩ በደግ ልብ ይደረጋል፤ ዕዳው የሚወጣው ልጁ 15 እና 16 ዓመት ሲሞላው ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከጎረቤት ምክር ብዙም አይረዝም። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ጊዜው ካለፈም ዘግይቶ ይመዘገባል። መጀመሪያ የእናትየው የሞት ምስክር ወረቀት ይውጣ። ሆስፒታል ውስጥ ካረፈች የሆስፒታሉ ማስረጃ፣ ቤት ከሆነ ደግሞ የሚያውቋት ሰዎች ቃል ይዞ ወደ ቀበሌው ወሳኝ ኩነት መሄድ ነው። ቀጥሎ የታናሹ ልደት በእውነተኛ እናቱ ስም ይመዝገብ። ክትባት የተከተበበት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትውልድ ቀኑን የሚያሳይ የተሻለ ወረቀት ላይገኝ ይችላልና። ትልቋ የተወለደችው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 30 ቀን 2008 ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ በእጇ ያለው አሮጌ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ አብራችሁ አሳድሱት።

ስም ላይ ዐይናችሁን ጣሉ። እናትየዋ በመታወቂያ «ፋጡማ»፣ በሞት ምስክሩ «ፋጤ» ከተባለች፣ ወይም የአባቷ ስም አንዱ ጋ «ሐሰን» ሌላው ጋ «ሀሰን» ከሆነ ባንኩም የጡረታ መሥሪያ ቤቱም «አንድ ሰው መሆናቸውን አስመስክሪ» ብሎ ይመልሳታል። ይኼ ብቻውን ወር ይበላል። ቀኑም በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈው? እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው። ይኼ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የሚታይ ነው፤ የፌዴራሉ 213/1992 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው የሚሠራው። ሞግዚትነት ማለት ልጆቹ የእናትና የአባታቸው ልጆች እንደሆኑ ቀርተው፣ አክስት የማሳደግ፣ ስለ እነሱ የመፈረምና ንብረታቸውን የማስተዳደር ሥልጣን ታገኛለች ማለት ነው፤ 18 ሲሞላቸው ያበቃል። ጉዲፈቻ ግን አዲስ የልጅነት ዝምድና ይፈጥራል። ስምምነት ተጽፎ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም፣ አንዴ ከጸደቀ በኋላም ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ነገር የለም። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይስማማሉ፣ ከሁለቱ አንዱ 25 ከሞላው ይበቃል። ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቆረጥም።

ለሥጋ ዘመድ በእኔ እይታ ሞግዚትነት ይበቃል። አክስት ናት፣ ልጆቹ ያውቋታል፣ የእናታቸው ድርሻ እንዳይነካ ነው የሚፈለገው። ጉዲፈቻ ልጅ ለሌላቸው ወይም ዘመዱ የማይታወቅ ልጅ ለሚወስዱ ሰዎች ነው የሚስማማው። «ውጭ ያለችው ዘመዳችን ትውሰዳቸው» የሚል ሰው ካለም፣ ለውጭ ዜጋ ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 በወጣው አዋጅ 1070 ቀርቷል።

ማመልከቻው የሚገባው ለወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ልጆቹ በሚኖሩበት፣ ማለት ኮምቦልቻ፣ አያት ባሉበት ቃሉ አይደለም። አብሮ የሚያያዘው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሁለቱ ልጆች ልደት፣ የአመልካቿ መታወቂያ፣ ልጆቹ አብረዋት እንደሚኖሩ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ቃለ መሐላና የምስክሮች ስም ዝርዝር ነው። ሦስት ምስክር ያዙ፤ አንዱ ቢቀር እንኳ ቀጠሮ አይፈርስባችሁም። ፍርድ ቤቱ ደጅ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉታል፤ ግን ዝግጁ ቅጹን ገልብጠው «ሞግዚት» ብቻ ብለው እንዳይተውት። «ሞግዚትና ንብረት አስተዳዳሪ» ተብሎ ይጠየቅ። ውሳኔው ላይ ንብረት የሚል ቃል ከሌለ ባንክ ይመልሳታል፣ እንደገና ፋይል መክፈት ይመጣል።

መክፈል ካልቻለች በደሃ ደንብ፣ ማለት ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ትጠይቅ። ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም ለሴቶችና ለሕፃናት ጉዳይ ያግዛል።

የሸሻበር ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አያት እያሉ አክስት መጠየቅ ትችላለች? አባቱስ በሕይወት ካለ?

ማኅተምና ቴምብር

ሁለቱም መዝገቡን የሚያስቆሙ ነጥቦች ናቸው፣ ጥሩ ጠየቅክ።

ሕጉ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ወላጅ፣ ከዚያ አያቶች፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያ አጎትና አክስት። ስለዚህ አያት በችሎት ቀርበው «ዕድሜዬ አይፈቅድም፣ ልጄ ታሳድጋቸው» ማለት አለባቸው። መምጣት ካቃታቸው ቃላቸው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ያም ካልሆነ ዳኛው የሚጠይቀውን ማሟላት ነው። የሁለቱም ወገን ዘመዶች የተፈራረሙበት ቃለ ጉባኤ ማያያዝም ይረዳል። የአባት ወገን እንዳትረሱ፤ ብዙ ጊዜ ተቃውሞ የሚመጣው ከእነሱ ነው፣ የሚመጣውም ገንዘብ እንዳለ ከተሰማ በኋላ ነው።

አባት በሕይወት ካለ በሕግ ሞግዚቱ እሱ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «አባት የለም» ብላችሁ እንዳትጽፉ! የሄደበት ጊዜ፣ መጨረሻ የተገኘበት ቦታ፣ የተደረገው ፍለጋ በግልጽ ይጻፍ። ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ እንዲደረግለት ሊያዝ ይችላል፤ በክልላችን ብዙ ጊዜ በበኩር ነው። ጥሪው የወጣበትን ዕትም ገዝታችሁ ከፋይሉ ጋር አያይዙ። ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ካለፈ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ ለሞግዚትነት ብቻ ግን እዚያ ድረስ መሄድ ግድ አይሆንም።

ጦሳ ሥር

ስለ ገንዘቡ እኔ ልመልስ። ለሞግዚት ወይም ለጉዲፈቻ ወላጅ በየወሩ የሚቆረጥ ድጎማ በሕግ የለም። «ወረቀቱን ካወጣሽ ደመወዝ ይታሰብልሻል» የሚል ደላላ ካጋጠማት ሸኙት። የአደራ ቤተሰብ የሚባለው፣ ማለት ዘመድ ያልሆነ ቤተሰብ ልጅን ለጊዜው የሚያሳድግበት መንገድ፣ በ2001 በወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ውስጥ አለ፤ ግን ለሥጋ ዘመድ የሚሆን መስመር አይደለም።

ያለው ድጋፍ በድህነት መስፈርት የሚሰጥ ነው። ከተማ ላይ ትልቁ የከተማ ሴፍቲኔት ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራል፣ ሠርቶ መብላት የማይችል (አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጽኑ ሕመምተኛ፣ ደጋፊ የሌለው ሕፃን) ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። አክስትየው ጤነኛና ወጣት ከሆነች ቤተሰቡ የሚመደበው ልማት ሥራ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ሰው ይናደዳል፤ «የቲም (ወላጅ አልባ) እያሳደግኩ አካፋ ያዢ ትሉኛላችሁ?» ይባላል። ግን የሚመዘነው ቤቱ ውስጥ ሠሪ እጅ መኖር አለመኖሩ ነው።

ስህተት የሚፈጠረው የቤተሰብ ቁጥር ላይ ነው። ልጆቹ በአክስት የቀበሌ ቅጽ ላይ ካልሰፈሩ ኮሚቴው ቤቱን ሲመዝን አይቆጥራቸውም። እናታቸው ቅጽ ላይ ሰፍረው ከቀሩ ደግሞ ሁለት ቦታ ያሉ ይመስልና ስማቸው ይሰረዛል። ስለዚህ ከሞግዚትነቱም በፊት የቀበሌ ቅጹ ይስተካከል። ምልመላ በዙር ነው፤ ዙሩ ካለፈ እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነው፣ ስም ሲለጠፍ ያልወጣለት ሰው ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገባ። በቃል የተነገረ ቅሬታ የትም አይደርስም።

ከሴፍቲኔቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚገኘው የጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቤተሰቡ ካርድ ይካተታሉ፤ መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው ለይቶ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ካርዱ ላይ የልጆቹ ፎቶ መለጠፉን ተመልከቱ። ዩኒፎርምና ደብተር፣ ሲመቻችም የገንዘብ ድጋፍ፣ በቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት በኩል ይመጣል፤ ይህን የሚያስተባብረው የከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ሄዳችሁ ልጆቹን አስመዝግቡ፤ ለወላጅ አልባ ልጆች ድጋፍ የሚያደርጉ ድርጅቶችም ዝርዝር የሚጠይቁት ከዚያው ነው። ክረምት መውጫ ላይ መሄድ ግን ዘግይቶ መሄድ ነው፣ የነሐሴው ዕደላ ዝርዝር ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው።

የመንግሥት ፋይላችሁ በ2014ቱ ጦርነት የጠፋ ከሆነ ይኼንኑ አስጽፋችሁ ያዙ፤ ባለሙያው ምትኩን ከየት እንደሚያገኝ እሱ ያውቃል።

ደብተር ያዥ

ስለ ጡረታው ማንም አልተናገረም እኮ! ወርኃዊ ገንዘብ ካለ እዚህ ነው ያለው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የጀመረው በ2003 ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሟቿ 12 ዓመት ካዋጣች 10 ዓመቱን አልፋለች፣ ስለዚህ ለተተኪዎች፣ ማለት ሟች ትታቸው ለሄደች ቤተሰቦች፣ የሚወጣው አበል ነው። ከ10 ዓመት በታች ቢሆን አንዴ የሚሰጥ ዳረጎት ብቻ ነበር የሚሆነው። ስሌቱ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከ10 በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ተጨምሮበት ነው፤ 12 ዓመት 32.5 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ለአንድ ልጅ 20 በመቶ። አማካይ ደመወዟ 4,000 ብር ነበረ ብንል ጡረታዋ 1,300፣ ለአንድ ልጅ 260 ብር። የጡረታ ዝቅተኛ ወለል ስላለ ግን በእጅ የሚመጣው ከዚህ ሊለይ ይችላል። ብዙ አይደለም፤ ግን በየወሩ ነው፣ ልጁ 18 እስኪሞላው።

ከፋብሪካው የአገልግሎት ዘመንና የደመወዝ ደብዳቤ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሯን ጭምር ጠይቁ። አሠሪው መዋጮውን በትክክል ማስገባቱን እዚያው አረጋግጡ፤ ያልገባ ወር ካለ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልወጣ የዓመት ፈቃድ ገንዘብም ሳይጠየቅ አይቅር።

ሌላው፦ ባንክ ያላትን ገንዘብ ለማውጣት ሞግዚትነት ብቻ አይበቃም፣ የወራሽነት ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ሰሞን ማስወሰን ይሻላል፣ ምስክሮቹ ያው ናቸው። ዳኛው የልጆቹ ድርሻ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሊያዝ ይችላል፤ ለትምህርት ወይም ለሕክምና የሚያስፈልግ ሲሆን ምክንያቱን ጽፎ ማስፈቀድ ነው። ቤት ወይም መሬት ቢኖር ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይቻልም።

ሐይቅ ዳር

አብሽሪ በሏት እቺን እህት። ማኅተም የጻፈው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ጉዲፈቻ የሚለውን ከማሰብ በፊት ነሰብ፣ ማለት የዘር ሐረግ፣ የሚባል ነገር አለ፤ ልጅ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፣ የቲም ማሳደግ ግን ትልቅ አጅር (ምንዳ) ነው። ሞግዚትነት ከዚህ ጋር አይጋጭም። ሁሉም ወገን ፈቅዶ ከቀረበ ደግሞ ሞግዚትነትና ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። አንዱ ወገን አልፈልግም ካለ ግን ወደ መደበኛው ነው የሚሄደው፤ እዚያ ጀምሮ እዚህ መጨረስ ስለሌለ ከመጀመሩ በፊት የአባት ዘመዶችን ጠይቁ። ለልጆቹ የሚከፈተውም ሒሳብ ወለድ አልባ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል።

የሸሻበር ልጅ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ታናሹን በራሷ ስም ማስመዝገቡ ቀርቷል። ነገ የሞት ምስክሩን፣ ከዚያ የቀበሌውን ቅጽ ይዘን እንጀምራለን። አያትን ከገጠር የምናመጣው ለቀጠሮው ቀን ብቻ ነው ወይስ ማመልከቻው ሲገባም?

ማኅተምና ቴምብር

ማመልከቻው ሲገባ አያስፈልጉም፣ መንገዱ ያደክማቸዋል። ለቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፤ መታወቂያቸው የታደሰ መሆኑን ግን ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።