ከ50 ጨዋታ 19ኙን ብቻ ያሸነፈ ቡድን እንዴት ሻምፒዮን ሆነ?

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ጤና ይስጥልኝ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ባለፈው ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2019፣ ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት የፍጻሜ ውድድር ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂዩስተን ላይ አስትሮስን 6 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ ደስታዬ አልበረደም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ስለነሳኝ፣ ጨዋታውን ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቁትን ልጠይቅ ወደድሁ።

ይህን ቡድን መከታተል የጀመርሁት በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በተደረገው አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ 6 ለ 0 መርተን ስንሸነፍ አይቻለሁ፤ በ2014፣ በ2016 እና በ2017ም ከዚያው ዙር ሳናልፍ ቀርተናል። ስለዚህ ዘንድሮ ኮከባችን ብራይስ ሃርፐር ወደ ፊላደልፊያ ከሄደ በኋላ፣ ቡድኑ በሜይ መጨረሻ ገደማ 19 ጊዜ አሸንፎ 31 ጊዜ መሸነፉን ሳይ ተስፋ መቁረጤን አልደብቅም። አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ጩኸት ሲበረታም አብሬ ጮኼ ነበር።

ጥያቄውን ያነሱት አጎቴ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት እግር ኳስ ብቻ ቢሆንም ሰባተኛውን ጨዋታ እኔ ቤት ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ተመለከቱና፣ «አስትሮስ በዓመቱ 107 ጨዋታ አሸንፏል፣ የእናንተው 93። የስድስት ወር ሥራ በሰባት ጨዋታ የሚሻረው በምን ሒሳብ ነው? ይህ ዕድል ካልሆነ ምን ይባላል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እውን ዕድል ነው?

መልስ 1፦ የወርዋሪዎች ወዳጅ

አጎትዎ ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ዕድል የለበትም ብሎ መከራከርም አይቻልም። ኦክቶበር 1 ቀን ከሚልዋኪ ጋር በተደረገው የአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ከዘጠኙ ኢኒንግ (ዙር) በስምንተኛው 3 ለ 1 ተመሪዎቹ እኛ ነበርን። የእኛው ሁዋን ሶቶ የመታው ኳስ የሚልዋኪን የቀኝ ሜዳ ተከላካይ ትሬንት ግሪሻምን ስላመለጠው ሦስት ሰው ገብቶ ሦስት ነጥብ ተቆጠረ፤ ግሪሻም ኳሱን በጓንቱ ይዞት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ድል ባልተወያየን። በሰባተኛው ጨዋታ የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታው ሆም ረንም (ከሜዳው ወጥቶ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) የቀኙን የመስመር ምሰሶ ገጭቶ ነው የተቆጠረው፤ ትንሽ ወደ ውጭ ቢያጋድል ፋውል፣ ማለትም የማይቆጠር ምት፣ ነበር።

ለአጎትዎ ግን እንዲህ ቢያስረዷቸው ይገባቸዋል። ሌስተር ሲቲ በ2016 ሻምፒዮን የሆነው በ38 የሊግ ጨዋታ ነው፤ የቤዝቦል ኦክቶበር፣ ማለትም ከመደበኛው 162 ጨዋታ በኋላ የሚመጣው የዋንጫ ውድድር፣ ግን ከሊግ ይልቅ ለጥሎ ማለፍ ዋንጫ ይቀርባል፤ ሕጉ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ይለወጣል። በ162ቱ ጨዋታ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጀማሪ ወርዋሪዎችን (ኳሱን ለመቺው በመወርወር ጨዋታውን የሚከፍቱትን) በተራ ያሰልፋል፤ አንዱ ከወረወረ በኋላ ክንዱ እንዲያገግም አራት ቀን ያህል ያርፋልና። በኦክቶበር ግን በጨዋታዎቹ መካከል የጉዞና የዕረፍት ቀን ስለሚገባ አምስተኛው ወርዋሪ አያስፈልግም፤ ዋናዎቹ ሦስትና አራት ሰዎች ቶሎ ቶሎ ይመለሳሉ። የናሽናልስ ሀብት ደግሞ ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግ፣ ፓትሪክ ኮርቢንና አኒባል ሳንቼዝ ነበሩ።

ቀዳዳው ቡልፔን የሚባሉት ተቀያሪ ወርዋሪዎች ጋ ነበር። በጸደይ ያን ሁሉ ሽንፈት ካመጡት ነገሮች አንዱ፣ እንደ ትሬ ተርነር ካሉ ተጫዋቾች ጉዳት ጋር፣ ይኸው ነበር። ማርቲኔዝ በኦክቶበር ቀዳዳውን የደፈነው ጀማሪዎቹን ከኋላ እያስገባ ነው፤ ስትራስበርግ ከሚልዋኪ ጋር ሦስት ኢኒንግ በተቀያሪነት ወረወረ፣ ኮርቢንም በሰባተኛው ጨዋታ እንዲሁ ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ የጨዋታው አሸናፊ ወርዋሪ ተባለ። 162 ጨዋታ ሙሉ እንዲህ ቢደረግ ክንዳቸው አይተርፍም፤ ለአንድ ወር ግን ይቻላል።

መልስ 2፦ ሒሳብ አዋቂ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ «ደካማው ቡድን አሸነፈ» የሚለውን ወሬ ግን አልቀበልም። ለሸርዘር በሰባት ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር፣ ለስትራስበርግ 175 ሚሊዮን፣ ለኮርቢን 140 ሚሊዮን ውል የሰጠ ቡድን ምስኪን አይባልም። ከ19 ለ 31ዱ በኋላ ያሉትን ጨዋታዎች ብቻ ብትቆጥሩ 74 አሸንፎ 38 ተሸንፏል፤ ይህ የታላቅ ቡድን ውጤት ነው። ዕድል ነው ለሚሉም፣ 106 ጨዋታ ያሸነፈውን የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ በገዛ ሜዳው በአምስተኛው ጨዋታ በአሥረኛው ኢኒንግ በግራንድ ስላም (አራት ነጥብ በሚያስገኝ ሆም ረን) አሰናብተን፣ ቀጥሎ ካርዲናልስን 4 ለ 0 ጠርገን ነው ሂዩስተን የደረስነው። የአስትሮሱ ጌሪት ኮል ከሜይ ወዲህ ሳይሸነፍ የመጣ ወርዋሪ ነበር፤ በመጀመሪያው ጨዋታ አሸነፍነው። ሌላውን ወርዋሪያቸውን ጀስቲን ቨርላንደርን ደግሞ ሁለት ጊዜ። ሂዩስተን በሜዳው አራት ጊዜ ተጫውቶ አራቱንም ተሸንፏል፤ እኛም በሜዳችን ሦስቱንም ተሸንፈናል፤ ሰባቱም ጨዋታ በእንግዳው ቡድን አሸናፊነት ሲያልቅ በዚህ ስፖርት የመጀመሪያው ነው።

መልስ 3፦ ባለታክሲው

እኔ ሰባተኛውን ጨዋታ የተከታተልኩት በመኪናዬ ሬዲዮ ነው። የአስትሮሱ ወርዋሪ ዛክ ግሬንኪ ስድስት ኢኒንግ ሙሉ አንድ ምት ብቻ ሰጥቶ 2 ለ 0 ሲመሩ፣ ለሥራ የወጣሁበትን ምሽት በከንቱ ማባከን የለብኝም ብዬ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጌ ነበር። በሰባተኛው የእኛው አንተኒ ሬንዶን ሆም ረን መታ፣ ሶቶም ግሬንኪ አራት ጊዜ አበላሽቶ ስለወረወረ ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አለፈ፤ የአስትሮስ አሠልጣኝ ኤ ጄ ሂንች 80 ኳስ ብቻ የወረወረውን ግሬንኪን አስወጣ ሲባል ድምፁን ከፍ አድርጌ ዩ ስትሪት ዳር ቆምኩ። ኬንድሪክ ሲመታ ከጎኔ ካለው ምግብ ቤት የተነሳውን ጩኸት መቼም አልረሳውም። በኋላ የጫንኳቸው አረጋዊ ሰው፣ ዋሽንግተን ከዚህ በፊት ዋንጫ ያገኘችው በ1924 መሆኑንና አባታቸው ያን ሲያወሩላቸው ማደጋቸውን እየነገሩኝ እስከ ቤታቸው ደረስን። ሒሳቡን ለመጫን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን ጫንኩ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወርዋሪዎቹን ተራ ለአጎቴ ወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳያቸው ተቀበሉኝ፤ ሆኖም ወዲያው ሌላ ጥያቄ አመጡ። ግሬንኪ ከወጣ ዘንድ፣ ያ የማይሸነፈው ኮል ተቀያሪዎቹ ጋ ሆኖ ሳለ ዊል ሃሪስ የገባው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የወርዋሪዎች ወዳጅ

ሂንች ከጨዋታው በኋላ እንዳስረዳው፣ ኮልን ያስቀመጠው ቡድኑ እየመራ ጨዋታውን እንዲዘጋለት ነበር። መሪነቱ በሃሪስ እጅ ጠፋ፤ ኮልም ሳይገባ ቀረ። እኔ ብሆን እዚያው በሰባተኛው ኢኒንግ አስገባው ነበር፤ ይህን የምለው ግን ኳሱ ምሰሶውን ሲገጭ ካየሁ በኋላ ነው።